መልሱ ቦሎቄ ነበር

ባለፈው ዓመት የባዮሎጂ ፈተና ሳርም አንድ ጥያቄ ላይ እጄ ቆመ። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔው ነኝ። «ሕዋስ ፕሮቲን ሲሠራ አሚኖ አሲዶቹን ከየት ያገኛል?» ይላል። ከአርባ ስምንት ተማሪ ሠላሳ ሰባቱ «ከሳይቶፕላዝም» ብለው መልሰዋል። ትክክል ነው፤ መጽሐፉም እንደዚያ ይላል፣ የማረሚያ ወረቀቴም እንደዚያ ይላል። ራይት፣ ራይት እያልኩ ወረቀት ሳገላብጥ ቆይቼ ቀና ስል ባለቤቴ ጓሮ ቁጭ ብላ እንሰት ትፍቃለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሳይቶፕላዝሙስ ከየት አመጣው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ስላልጠየቅሁ ማንም አልመለሰም። ከአርባ ስምንቱ ልጆች «ከምሳችን» ያለ አንድ እንኳ የለም።

የምኖረው ጪጩ ነው። ጠዋት በባጃጅ ዲላ እገባለሁ፣ ማታ በባጃጅ እመለሳለሁ። የዲላው ኮሌጅ ገና ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በ1992 ዓ.ም. በዲፕሎማ ካስመረቃቸው የባዮሎጂ መምህራን አንዱ ነኝ። ሕዋስ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ትምህርቱን በቃሌ ከመያዜ የተነሳ ጠመኔው ራሱ ይጽፈዋል ብል ማጋነን አይሆንም። ይህን ሁሉ የማወራው ግን ልመካ አይደለም፤ የሚከተለውን ለመናዘዝ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ታናሹ ተወለደና ከጡት ወረደ። የምናበላው የቡላ ገንፎና ቆጮ ነበር። ይወደዋል፣ ይጠግባል፣ ይተኛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጉንጩ ሞላ፣ እግሩም ወፈር አለ። ጎረቤት «እሰይ፣ ልጅህ ፋፋ» ሲለኝ ደስ አለኝ። ታናሹን ለማስከተብ በሄድንበት ቀን ግን አንዲት ነርስ የታላቁን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችና ለቀቀችው። ጣቷ ያረፈበት ጉድጓድ ሊጥ የተነካ ይመስል እዚያው ቀረ። «መምህር፣ ይሄ ልጅ አልወፈረም፤ ውሃ ነው» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ ምን እያስተማርኩ እንደነበር አንባቢ ይገምት።

ይህ በሽታ በዓለም ሕክምና የሚጠራበት ስም ክዋሺዎርኮር ነው። ስሙን ለሐኪሞች ያስተዋወቀችው ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል ዶክተር ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ስትሠራ ከጋ ሕዝብ ቋንቋ ወሰደችው። ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ እንደማለት ነው። የጋ እናቶች ምርመራውን በአንድ ቃል ጨርሰውት ነበር። እኔ ከነዲፕሎማዬ አልደረስኩበትም።

ሕዋስ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ለክፍሌ የማስረዳው በቀበሌ ነው። ዲኤንኤ ማለት የመሬት ማኅደር ነው እላለሁ። ዋናው ማኅደር ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ በሕዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ጉዳይ ሲመጣ የሚፈለገው ገጽ ብቻ ኮፒ ይደረጋል። ኮፒው ኤምአርኤንኤ ይባላል። እሱ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ራይቦዞም ወደሚባለው አንባቢ ይሄዳል። ራይቦዞም ሻይ ሊጠጣ አይወጣም፣ «ነገ ተመለስ»ም አይልም፤ ንጽጽሩ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ተማሪዎቼ ሁሌም ይስቃሉ።

ጽሑፉ አራት ፊደል ብቻ ነው ያለው። ራይቦዞም ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነባል። አራት ፊደል ሦስት ሦስት ሆኖ ሲደረደር 64 ቃል ይወጣዋል፤ 61ዱ ከ20 አሚኖ አሲዶች አንዱን ይጠራሉ፣ የቀሩት ሦስቱ «እዚህ ላይ አቁም» ይላሉ። ቃል በተነበበ ቁጥር ቲአርኤንኤ የሚባል ተሸካሚ የተጠራውን አሚኖ አሲድ ይዞ ይመጣና እንደ ዶቃ ከቀዳሚው ጋር ይሰካል። በሰው ሕዋስ ውስጥ በሴኮንድ አምስት ያህል ዶቃ ይሰካል። ክሩ ሲያልቅ ተጣጥፎ ቅርጹን ይይዝና ወደ ሥራው ይሰማራል። ይህን መዝገበ ቃላት መፍታት የጀመሩት ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪሽ ማቴ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ ፊደል ብቻ የተደጋገመበት ጽሑፍ ለተፈጨ ባክቴሪያ ቢሰጡት አንድ ዓይነት ዶቃ ብቻ የተሰካበት ክር ሠራላቸው።

ጪጩ ላይ ስለ ፕሮቲን ለማውራት ከቡና መጀመርም ይቀላል። ልጆቹ ፕሮቲን ሲባል ሥጋ ብቻ ይመስላቸዋል። ፕሮቲን ሠራተኛ ጭምር መሆኑን የሚያምኑት የካፌይን አልባውን ቡና ታሪክ ስነግራቸው ነው። የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በሄደ ዘር የበቀሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ የቡና ዛፎችን መርምረው፣ ከተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2004 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አስታወቁ። ዘሩ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከአገራችን የተሰበሰበ ነው። በነዚያ ዛፎች ውስጥ የካፌይንን የመጨረሻ እርከን የሚሠራው ፕሮቲን ሥራውን አይሠራም፤ ስለዚህ ካፌይን ሊሆን የነበረው ነገር መንገድ ላይ ይጠራቀማል። ቅጠሉ ያው፣ ፍሬው ያው፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ ቀረ። የእሸት ቡና ለቀማ ላይ የሚውል ልጅ ይህን ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅበትም። (ዘሩ የኛ፣ ግኝቱ የነሱ የሆነበትን ምክንያት ሁሌም ይጠይቁኛል። ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ወደ ልጄ እግር ልመለስ። ጉበት አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። ከሥራዎቹ አንዱ ውሃው ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ እንዳይጠራቀም ስቦ መያዝ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው አልቡሚን 585 ዶቃ ያለው ክር ሲሆን፣ ለመሥራት ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከ585ቱ 59ኙ ላይሲን ናቸው። ትሪፕቶፋን የምትባለዋ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ 214ኛው ቦታ ላይ። ይህችን ቁጥር ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። 213 ዶቃ ተሰክቶ፣ ተራው የትሪፕቶፋን ሆኖ፣ ተሸካሚው ባዶ እጁን ከሆነ የቀሩት 371 ዶቃዎች አጠገቡ ተከምረው ቢውሉም ተራቸው አይደርስም። በሌላ እንተካው ማለት የለም።

ዶቃዎቹ ቀን የሚያሳልፉበት ጎተራም የላቸውም። ሰውነታችን ስብ ያጠራቅማል፣ ስኳርም በጉበትና በጡንቻ ትንሽ ያኖራል፤ ለአሚኖ አሲድ ግን ማከማቻ አልተሰጠውም። ሥራ ያጣ ዶቃ ለማገዶ ይነዳል፣ ናይትሮጅኑ በሽንት ይወጣል። የጎደለው በምግብ ካልመጣ ሰውነት ጡንቻውን አፍርሶ ከዚያ ይለቅማል፤ እንጨት ያጣ ሰው የቤቱን ማገር ነቅሎ እንደሚያነድ ማለት ነው። ከ20ዎቹ 11ዱን ሰውነት ራሱ ያዘጋጃል፤ ዘጠኙን ግን የግድ መብላት አለብን። ላይሲንና ትሪፕቶፋን ከዘጠኙ ውስጥ ናቸው።

የቀድሞ ሐኪሞች ክዋሺዎርኮርን ሙሉ በሙሉ በፕሮቲን እጥረት ያመካኙት ነበር። የዛሬዎቹ ነገሩ ከዚያ የተወሳሰበ ነው፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽንም ሌላም አለበት ይላሉ። ስለዚህ የልጄን እብጠት በአንዲት ዶቃ አላላክክም። ልጁ ግን ዳነ፤ ሲድንም በላዩ ላይ የተጨመረው መድኃኒት ብቻ አልነበረም።

ሁላችንም አንደኛ ደረጃ ሳለን «ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» ብለን ምግብን በሦስት ረድፍ ከፍለን ተምረናል። ገንቢ የሚለው ረድፍ ሥር ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ተሥለዋል። ያው ሥዕል ዛሬም በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሥዕሉ አልዋሸም። ግን ለማን ነው የተሣለው? ጪጩና አካባቢዋ ላይ ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ገበያ ቀን ወጥቶ ጨውና ሳሙና ሆኖ ይመለሳል። ወተት ያለው ጥቂት ነው። ሥጋ ለበዓል ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ የሚታሰበው እስከሚቀጥለው በዓል ነው። ለጪጩ እናት ግድግዳው ላይ ያለችው ላም ላም አለኝ በሰማይ ናት። የባሰው ደግሞ ሥዕሉ የሚያስተላልፈው ሁለተኛው መልእክት ነው፦ እነዚህ ከሌሉሽ ልጅሽን መገንባት አትችዪም የሚለው። ይህ ሐሰት ነው፤ ሐሰትነቱንም ማስረዳት የነበረብን የባዮሎጂ መምህራን ነን። ራይቦዞም ሥጋ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቀው ዶቃ ነው። ዶቃው ከበሬ ይምጣ ከባቄላ አይለይም።

እንሰትን ልወቅስ አይደለም፤ አፌም አይችልም። 20 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያዊ በእንሰት ይኖራል። ዝናብ ቀርቶ ሌላው ሰብል ሲረግፍ ቆሞ የሚጠብቀን እሱ ነው። ግን 100 ግራም ቆጮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከአንድና ከሁለት ግራም ብዙም አይዘልም። ያንኑ ያህል ደረቅ ቦሎቄ ከ20 ግራም በላይ አለው። ሲቀቀል ውሃ ስለሚገባበት ወደ ስምንትና ዘጠኝ ይወርዳል፤ ያም ሆኖ ቆጮውን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ልጅ በቆጮ ሲጠግብ ሆዱ ይሞላል፣ ኃይልም ያገኛል። ራይቦዞሙ ግን ኮፒውን እንደዘረጋ ተሸካሚ ይጠብቃል።

ቦሎቄም ብቻውን ሙሉ አይደለም። ላይሲን ይተርፈዋል፣ ሜታዮኒን ያንሰዋል። በቆሎ ተቃራኒው ነው፤ ሜታዮኒን አያጣም፣ ላይሲንና ትሪፕቶፋን ግን ይጎድሉታል። ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ ቀቅሎ የሚያቀርብ ምግብ አለን፤ ንፍሮ ይባላል። ለቅሶ ቤት ወይም ክረምት ሲገባ ካልሆነ የማናስታውሰው፣ እንግዳ ሲመጣ የምንደብቀው ንፍሮ። በኔ ግምት በዚህ አገር ከተሠሩት የሥነ ምግብ ቀመሮች ንፍሮን የሚያህል የለም፤ ሠሪው ስላልታወቀ ሸላሚ አላገኘም እንጂ።

ገበሬ አያውቅም ለሚል ሰው የወሎን ማሽላ እጠቅሳለሁ። ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የተባሉ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ወደ 9,000 የሚጠጋ የማሽላ ዓይነት መርምረው፣ ላይሲኑ በጣም ከፍ ያለ ሁለት ብቻ ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው፤ ከወሎ የተገኙ። ላይሲናቸው ከተለመደው ማሽላ ከግማሽ በላይ ይበልጣል። ምክንያቱ በቀላሉ ሲነገር ይህ ነው፦ ተራው ማሽላ ፍሬው ውስጥ የሚያስቀምጠው ፕሮቲን ላይሲን የሌለበት ሊባል የሚችል ዓይነት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ያንን ቀንሰው ሌላውን ያበዛሉ። ማኅደራቸው ላይ ያለ አንድ ለውጥ የፍሬውን ፕሮቲን ለወጠው።

አሁን የወሎ ገበሬ እንዲህ ዓይነቱን ማሽላ ምን ብሎ እንደሚጠራው ስሙልኝ። ወተት በጉንጬ። ሌላው ማር ጩቄ። ላቦራቶሪ የለውም፣ ላይሲን የሚለውን ቃል አልሰማም፤ እሸቱን ጠብሶ በልቶ ወተት ነው አለ። ፍሬው ጭምድድ ያለ፣ ምርቱም ከሌላው ያነሰ ሆኖ ሳለ ዘሩን ሳይጥል፣ ከሌላው ማሽላ መሃል ትንሽ ትንሽ እየዘራ ለልጅ ልጅ አሳለፈው። በዚያው በአክስቴል ዘንድ ዶክትሬታቸውን የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የራይቦዞምን ቅርጽ የገለጡ ሦስት ሳይንቲስቶች የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙትም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱን ዜና ክፍል ውስጥ አንድ ላይ አንስቻቸው አላውቅም ነበር። ለምን? አንደኛው «እርሻ»፣ ሌላኛው «ባዮሎጂ» ስለሚባል ይመስለኛል።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ደረስኩ። መጽሐፉ ራይቦዞም የሚሠራውን ሥራ «ትራንስሌሽን» ይለዋል፤ ትርጉም ማለት ነው። ተማሪዎቼ ቤታቸው ጌዴኡፋ ይናገራሉ፣ ዲላ ገበያ አማርኛ፣ መጽሐፋቸው እንግሊዝኛ ነው። ራይቦዞም አንዴ ይተረጉማል፤ የኔ ተማሪ ሁለቴ። በዚያ ሁሉ ትርጉም መሃል የሚወድቀው ዶቃ ምግቡ ነው። ልጁ «ቲቸር፣ ኤዩጂ የሚለው ቃል ሜታዮኒን ነው፣ መጀመሪያ የሚነበበውም እሱ ነው» ብሎ ይነግረኛል። ሜታዮኒን ትናንት ማታ ቤቱ ተበልቶ እንደሆነ ግን አያውቅም። እናቱ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ገንቢ ምግብ» ስትላት ትሰማለች። እኔና ሠራተኛዋ በአንድ መንገድ እየተመላለስን፣ የአንድን ቤት ልጅ እኔ በክፍል እሷ በቤት እያስተማርን፣ አንድ ቀን ቁጭ ብለን ስለ አንድ ድስት አልተነጋገርንም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 ከመቶው መቀንጨር የደረሰባቸው ነበሩ። ቃል ኪዳኑን አላጣጥልም። ከቃል ኪዳኑ ወደ ድስቱ የሚወስደው መንገድ ግን በኔ ክፍል በኩል ያልፋል ባይ ነኝ። የዛሬዋ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዬ ከጥቂት ዓመት በኋላ ድስት የምትጥደው ራሷ ናት፤ ትምህርቱን ያን ጊዜ እንደ አዲስ በፖስተር ከምናስተምራት አሁን ፈተና ላይ ብንጠይቃት ይሻላል።

እርሻውም ቢሆን እንዲሁ ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጪጩ ላይ ጨፍረናል። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከመሃል እንሰት፣ ከሥሩ ቡና፤ ዓለም ይህን አደነቀ። ከቡናው ሥርና ከአጥሩ ጥግ ግን ሌላም ነበረ፤ ቦሎቄ፣ ጎመን፣ ጎደሬ። አያቴ ያቺን ጥግ ባዶ አይታት አታድርም ነበር። ዛሬ ያቺ ጥግ ጫት ስትሆን አይቻለሁ፣ የባሕር ዛፍ ችግኝም ስትሆን። ስለ ቡና ሊመክረን የሚመጣ ባለሙያ አለ፤ ስለ ቦሎቄ ሊጠይቀን የመጣ በኔ ዕድሜ አላጋጠመኝም። ቡና በዓመት አንዴ ገንዘብ ይሆናል። ራይቦዞም በየቀኑ ነው የሚቆጥረው።

ዘንድሮ ጥያቄውን ቀየርኩት። በክፍል ፈተና ላይ «ትናንት ማታ ቤታችሁ የተበላውን ጻፉ። ከዘጠኙ አሚኖ አሲዶች ያነሰውን ጥቀሱ። በምን ይሞላል?» አልኩ። ክፍሉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ እስክሪብቶ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አንዳንዱ የምግቡን ስም በጌዴኡፋ ጻፈ፤ ራይት አልኩት። አንዱ ደፋር ክትፎ ብሎ ጻፈ፤ እሱንም ራይት አልኩት። መጨረሻ ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እንዲህ ጽፋለች፦ ቆጮ በጎመን፤ ላይሲን አንሷል፤ በቦሎቄ ይሞላል። ከሥሩ በእርሳስ፣ በትናንሽ ፊደል ጨምራለች፦ «ቲቸር፣ ቦሎቄ ነበረን። አባቴ ለደብተሬ ሸጠው።»

ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። የጻፈችበት ወረቀት ከዚያው ደብተር የተቀደደ ነበር።